በሞላሌ የጾሙ የባሕር አበቦች

ባሕር አይቼ አላውቅም። ዛሬም በዚህ ዕድሜዬ ሰው ስለ ባሕር ሲያወራ ፊቴ ላይ ድቅን የሚለው ሞላሌ ላይ፣ ቆርቆሮ በለበሰ አንድ ቤት ውስጥ፣ በብረት ጠርዝ የተጋጠመ የመስታወት ሣጥን ነው። ሣጥኑ ውስጥ ጨዋማ ውሃ ነበር። ውሃው ውስጥ ድንጋይ፣ ድንጋዩ ላይ ደግሞ ምን ብዬ እንደምጠራቸው እስካሁን የሚቸግረኝ ሦስት ፍጥረቶች ተጣብቀው ነበር። የጣሊያኖቹ አስተርጓሚ፣ ያኔ ቱርጁማን የምንለው ሰው፣ የባሕር አበቦች ናቸው ይለኝ ነበር። እኔ ግን ጉበት የሚበላ አበባ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም።

ጊዜው ጣሊያን አገሩን ይዞ የቆየበት ነው። ሁለተኛው ክረምት ይሁን ሦስተኛው አሁን ይምታታብኛል። ታላቅ ወንድሜን ከእርሻው ላይ ይዘውት ሄዱ። አርበኞች በመንደራችን ሲያልፉ እህል ሰጥቷቸዋል ተባለ። ሰጥቷቸው ነበር፤ ምኑን እዋሻለሁ፣ እህሉን የሰፈርኩት እኔ ነኝ። እናትና አባታችን በልጅነቴ ስለ ሞቱ ያሳደገኝ እሱ ነው፤ ጋሼ የምለው በዕድሜ ስለሚበልጠኝ ብቻ አልነበረም። ከሌሎች ሰዎች ጋር አድርገው ሞላሌ ባለው ምሽጋቸው ውስጥ ካለ የድንጋይ ቤት ዘጉበት። ከዚያ ቤት አንዳንዴ ሰው ተጠርቶ ይወጣል። የወጣው ወዴት እንደ ተወሰደ ለዘመድ የሚናገር አልነበረም፤ ስንቅ ይዛ የመጣች ሚስት "ዛሬ ለሱ አይቀበሉም" ስትባል ነው ሰው የሚገባው።

እኔም ስንቅ አመላላሽ ነበርኩ። በየጠዋቱ አገልግሌን ይዤ ምሽጉ በር ላይ እቆማለሁ። ዘቡ ደስ ሲለው ያስገባልኛል፤ ሲርበው ራሱ ይበላዋል። ከበሩ ውጭ፣ ከመንገዱ ማዶ፣ የጦሩ ሐኪም የሚኖርበት ቤት ነበር። አንድ ቀን ቱርጁማኑ ጠራኝና ሐኪሙ ቤቱን የምትጠርግለት ሴት ይፈልጋል አለኝ። ሳላስብ እሺ አልኩ። ለጣሊያን ቤት መጥረግ ናፍቆኝ አይደለም። ወደዚያ የድንጋይ ቤት አንድ እርምጃ የቀረብኩ መስሎኝ ነው።

ሐኪሙ ሸምገል ያለ፣ ራሱ የተመለጠ፣ በመንዝ ብርድ አፍንጫው ሁልጊዜ የሚቀላ ሰው ነበር። መጥረጊያ ይሰጠኛል ስል እጅጌዬን ይዞ ወደ መስታወቱ ሣጥን ወሰደኝ። ቱርጁማኑ እንደ ነገረኝ ያደገው ባሕር ዳር ነው፣ እነዚህን ነገሮች ቤት ውስጥ ማኖር የልጅነት ልማዱ ነው፤ ከምጽዋ ድረስ በካሚዮን፣ ካሚዮን ከማይደርስበት ደግሞ በበቅሎ አስጭኖ ነው ያመጣቸው። ውሃቸውንም ጭምር በበርሜል። ሰው አገር ሊወጋ መጥቶ አበባ ያስጭናል? ይህን ለራሴ ደጋግሜ ጠየቅኩ። ሰውየውን እንዳልጠላው አበባው ይመጣብኛል፤ እንዳልወደው የድንጋዩ ቤት በመስኮቱ ይታየኛል።

ሲዘጉ የታረደ በግ ኩላሊት ነው የሚመስሉት፤ ቀይ፣ ድብልብልና የሚያዳልጥ። ሲከፈቱ ግን መሐላቸው አፍ ሆኖ ዙሪያውን ቀጫጭን ጣቶች ያወጣሉ፣ ጣቶቹም ውሃው ውስጥ ዝም ብለው ይወዛወዛሉ። ዓይን የላቸውም። ድምፅ የላቸውም። ከተጣበቁበት ንቅንቅ አይሉም ስል አንዱ በሳምንቱ የድንጋዩ ሌላ ጎን ላይ ተገኘ። ማን አነሳው ብዬ ቱርጁማኑን ጠየቅኩት፤ ራሱ ሄዶ ነው አለኝ። በምን እግሩ?

ሥራው ቀላል ይመስል ነበር። ውሃው አየር ያስፈልገዋል ተብዬ በጣሳ እየቀዳሁ ከፍ አድርጌ መልሼ አፈስሳለሁ፤ ክንዴ እስኪዝል። ብርዱ እንዳይገድላቸው ቀን ቀን ፍም የያዘ ማንደጃ በልክ ራቅ አድርጌ አኖራለሁ፤ የኩበት ጭስ ግን ክልክል ነው። ማታ ከመሄዴ በፊት ሣጥኑን በባና እጠቀልለዋለሁ። በኛ አገር ባና ማለት ከበግ ጠጉር የሚሠራ፣ ሰው ለብርድ የሚደርበው ወፍራም ልብስ ነው። ይህ ወሬ ሲሰማ ጎረቤቶቼ ጉድ አሉ። ለጣሊያን ውሃ ባና የምታለብስ እያሉ ከኋላዬ ይሳሳቁ ነበር፤ አንዷም ሰላምታዬን መመለስ ተወች። እንድትናደድ አልፈርድባትም። እኔም በእሷ ቦታ ብሆን እናደድ ነበር።

የጨው ነገር ደግሞ ነበር። ውሃው ከተሰመረበት ምልክት ዝቅ ሲል ንጹሕ የዝናብ ውሃ ብቻ ጨምሪ፣ ጨው እንዳትጨምሪ ተባልኩ። ይህ ሰውዬ ጨው ይሰስታል እንዴ አልኩ በልቤ። ወጥ ተኖ ሲጎድል ውሃ ብቻ የሚደፋበት ማን ነው? ግን ጣቴን ነክሬ ብቀምሰው፣ ውሃው በጎደለ ቁጥር ጨውነቱ ብሶ አገኘሁት። ውሃው ይሄዳል፣ ጨው ይቀራል። የት እንደሚሄድ፣ ጨው ለምን ተከትሎት እንደማይሄድ አልገባኝም፤ ምላሴን ግን አመንኩት። ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ እቀምሳለሁ፤ ሲበረታ የዝናብ ውሃ እጨምራለሁ።

ሐምሌ አጋማሽ ላይ ሐኪሙ ወደ ደሴ ተጠራ። መቼ እንደሚመለስ እሱም አያውቅም። ስለ ወንድሜ በየጊዜው እለምነው ነበር፣ እሱም በየጊዜው እጁን ያወናጭፍ ነበር። ያን ቀን ግን ስለምነው ሣጥኑን እያየ ቆየና ለቱርጁማኑ ተናገረ።

"እስክመለስ እነዚህ በሕይወት ከቆዩ ወንድምሽ በጠና ታሟል ብዬ እጽፍና አስለቅቀዋለሁ ይላል" አለኝ ቱርጁማኑ።

ከሞቱስ ብዬ ጠየቅኩ። ሐኪሙ ትከሻውን ሰበቀ።

እንግዲህ ከዚያ ቀን ጀምሮ የወንድሜ ነፍስ ከነዚያ ሦስት ኩላሊቶች ጋር ተጣብቃ ቀረች። ሐኪሙ ያዘዘው የባቄላ ፍሬ የምታህል ጉበት በእንጨት ጫፍ፣ በየጥቂት ቀኑ አንድ ጊዜ ነበር። በየጥቂት ቀኑ! እኛ አገር የሰው ነፍስ የያዘ እንግዳ በባቄላ ፍሬ ይሸኛል? ረኃብ ይገድላቸዋል ብዬ ፈራሁ። ለወታደሮቹ በግ ሲታረድ ጉበቱን ለምኜ አመጣለሁ፣ ጠዋት አጎርሳቸዋለሁ፣ ማታ አጎርሳቸዋለሁ። ጣቶቻቸውን ሰብስበው ይቀበሉኛል፣ ቆይተው ይተፉታል። እኔም ሰው ጠገብኩ ሲል እንደማናምነው ሁሉ አላመንኳቸውም። በሞቴ፣ ይቺን ብቻ፣ እያልኩ የተፉትን መልሼ አፋቸው ላይ አኖራለሁ። አማርኛ ይስሙ አይስሙ የማውቀው ነገር የለም።

ውሃው እንደ አጓት ደፈረሰ። ክዳኑ ሲነሳ የሚወጣው ሽታ ያስነጥስ ጀመር። አንድ ጠዋት ከሦስቱ አንዱ ድንጋዩን ለቆ በጎኑ ተኝቶ አገኘሁት። ሞቷል? ዓይን የለው የሚከደን፣ ትንፋሽ የለው የሚቆም። ተኝቶ እንደ ሆነ ብዬ ቀኑን ሙሉ ጠበቅኩት። በማግስቱ ሲላላና ሲሟሟ ነው መሞቱን ያመንኩት። በጣሳ አውጥቼ ከቤቱ ጓሮ ቀበርኩት። ነፍስ ይማር ማለት ይገባ አይገባ ግራ ገብቶኝ ቆምኩ፤ ከዚያ ማንም እንዳልሰማኝ አይቼ አልኩለት። የቀበርኩት የወንድሜን አንድ ክፍል መስሎ ተሰማኝ።

በዚህ መሐል ፍልሰታ ገባች። ከዓርብና ከረቡዕ በቀር እስከዚያ ድረስ ሥጋ ብቆርጥ ምንም አልነበረም፤ ፍልሰታ ግን ሌላ ነው። በፍልሰታ ቢላዋ ጉበት ላይ ማሳረፍ ይቅርና ሽታው እጄ ላይ ቢቀር ቤተ ክርስቲያን ደጅ አልቆምም። ካልቆረጥኩ ደግሞ ፍጥረቶቹ በረኃብ ይሞታሉ፤ እነሱ ከሞቱ ወንድሜ ይሞታል። ይህን ተሸክሜ ወደ ነፍስ አባቴ ሄድኩ። ነገሩን በአፍ ብነግራቸው ሊገባቸው አልቻለም፤ መጥተው ይዩት ብዬ ለመንኳቸው። ሐኪሙ ስለሌለ ደፍረው መጡ።

መቋሚያቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ጎንበስ አሉና ብዙ ቆዩ። ከዚያ ሳይታሰብ አንድ ጣታቸውን ውሃው ውስጥ ነከሩ። አንደኛው ፍጥረት ጣታቸውን ያዝ አደረገው። እጃቸውን መንጭቀው አወጡና አማተቡ።

"ይሄ አበባ አይደለም፣ ልጄ" አሉኝ።

ታዲያ እንስሳ ነው ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። እግር የለው፣ ዓይን የለው፣ ደም የለው፣ እንዴት እንስሳ እለዋለሁ አሉ። እሳቸውም ግራ ተጋቡ፤ ያ ደግሞ እኔን ይበልጥ አስፈራኝ። አንድ የተማረ ሰው እንኳ ቁርጡን ቢነግረኝ ብዬ ነበር ያመጣኋቸው። ፍልሰታ ላይ ጉበት ልቁረጥላቸው ወይስ አልቁረጥላቸው ብዬ ነገሩን ወደ ራሴ መለስኩት።

"በፍልሰታ ሕፃናቱ ሳይቀሩ ይጾሙ የለም እንዴ" አሉ አስበው አስበው። "እነዚህም ይጹሙ።"

"ቢሞቱብኝስ አባ? ወንድሜስ?"

"አንቺ ስትቀልቢያቸው አንዱ ሞቷል አላልሽኝም?"

በክፋት አልተናገሩትም። ውሃውን መቅመሴስ ጾም ያስገድፍ ይሆን ብዬ ብጠይቃቸው ቅመሺና ትፊው ብለውኝ መቋሚያቸውን አንስተው ወጡ።

ጾሙ። ሌላ ምን እላለሁ። የወደቀውን ጉበት ከድንጋዩ ሥር በማንኪያ ለቅሜ ጣልኩ፣ ውሃ እየቀዳሁ አፈሰስኩ፣ ቀምሼ ተፋሁ፣ ባናውን አለበስኩ፣ ሌላ ምንም አልሰጠኋቸውም። እነሱም ተዘጉ። ጠዋት ብመጣ ተዘግተዋል፣ ማታ ስወጣ ተዘግተዋል። መንግሥተ ሰማያትን ይዤ ወንድሜን ገደልኩ እላለሁ። ደግሞ ቢላዋውን አንስቼ ጉበት ልለምን እስከ በሩ እሄድና እመለሳለሁ። ኪዳነ ምሕረት ደጅ ስቆም የምጸልየው ስለ ወንድሜ ይሁን ስለ እነዚያ ነገሮች መለየት አቅቶኝ ነበር። ስለ ጠላት አበባ እመቤቴን የለመነች ሴት ከእኔ በቀር ያለች አይመስለኝም።

ቀስ እያለ ውሃው ጠራ። ሽታውም ጠፋ። ክረምቱ ፋታ ሰጥቶ ፀሐይ በመስኮቱ በገባችበት በአንዱ ቀን ከሁለቱ አንዱ ጣቶቹን አወጣ፤ ከዚያ ሌላኛው። ርቧቸው ይሁን ደልቷቸው አላውቅም። ጣሳው ከእጄ ወደቀ፣ እልል ማለት አማረኝ። ወዲያው ደግሞ አፈርኩ። ከመንገዱ ማዶ ሰው ታስሮ እኔ እዚህ በምን ደስ ይለኛል? ግን ደስ ብሎኝ ነበር፤ ለወንድሜ ብቻም አልነበረም።

ሐኪሙ የተመለሰው ጾሙ ሊፈታ ጥቂት ሲቀረው፣ ጭጋግ ምሽጉን በሸፈነው ጠዋት ነው። ጭቃ በጫማው ተሸክሞ በቀጥታ ወደ ሣጥኑ ሄደ። ብርድ ስለ ነበር ሁለቱም ተዘግተዋል። ሦስተኛውን በዓይኑ ፈለገው፣ ወደ እኔም ዞረ። ቱርጁማኑ አልነበረም፤ ወደ ጓሮው ጠቆምኩት። መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ማንደጃውን አስጠግቶ ወንበር ስቦ ጠበቀ፤ እኔም ከመሬት ሆኜ ጠበቅኩ። ሙቀቱ ሲደርሳቸው አንዱ ከፈት አለ። ሐኪሙ እንደ ልጅ ሳቀና ከወታደሮቹ ወጥ ቤት ጉበት አስመጣ። ባቄላ አክሎ ቆርጦ ሲያቀርብለት ጣቶቹ እላዩ ላይ ተከደኑ። ጾሙ እኮ አልተፈታም ልለው አፌ ድረስ መጥቶ ነበር። እኔና ነፍስ አባቴ ያስጾምነውን በፊቴ አስገደፈው፤ እኔም በዚያች ሰዓት፣ የወንድሜ ነገር በተንጠለጠለበት ሰዓት፣ በዚህ ተቆጣሁ።

ቃሉን ግን ጠበቀ። እንዴት ያለ ሰው እንደ ነበረ ዛሬም መወሰን አልቻልኩም። ወንድሜን በወረቀት ታሟል አለው፤ ሲወጣ ባየሁት ጊዜ ውሸት አልነበረበትም። ቆዳውና አጥንቱ ብቻ ነበር የቀረው። አቅፌው አለቀስኩ፣ እሱ ግን ወደ ኋላው ወደ ድንጋዩ ቤት ነበር የሚያየው። ወደ መንደራችን ስንሄድ ማን ለምኖልኝ ነው የተፈታሁት ብሎ ጠየቀኝ። ሁሉንም ነገርኩት፤ ስለ ሣጥኑ፣ ስለ ጉበቱ፣ ስለ ጾሙ። ደክሜለት ነበርና ትንሽ ኩራትም ነበረብኝ። መንገዱ መሐል ቆመ።

"እዚያ ቤት የቀሩትስ?" አለኝ። "ለነሱ የሚሆን አበባ የለውም?"

ይሳለቅብኝ ይሁን ከልቡ ይጠይቀኝ ፊቱን አይቼ መለየት አልቻልኩም። ጉንጩ ሰርጉዶ፣ ጢሙ አድጎ፣ የማውቀው ፊት አልነበረም። ከልቡ ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ለምን አይሆንም? በአበባ አንድ ሰው ከተፈታ በአበባ ሌላም ይፈታ ይሆናል።

በማግስቱ ሐኪሙ ዘንድ ሄጄ ቱርጁማኑን አስጠራሁ። ከባሕር የፈለገውን ያህል ያስመጣ፣ ሁሉንም አኖርለታለሁ፣ አንዳቸውም አይሞቱብኝም፣ በየአንዳንዱ አንድ ሰው ይፍታልኝ በልልኝ አልኩት። ቱርጁማኑ እኔን አየኝ፣ በሩን አየ፣ ከዚያ ለሐኪሙ አጭር ነገር ተናገረ። ሐኪሙ ፊቱ በራ፣ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝና ወደ ጓዳ ገብቶ አንድ ሳሙና ይዞልኝ መጣ።

ምን አልከው ብዬ ቱርጁማኑን ጠየቅኩት።

"ውሰጂና ሂጂ፣ እህቴ" አለኝ። ደግሜ ብጠይቀው ዓይኑን ከእኔ ላይ አነሳ።

ለኔ ፈርቶ ይሁን ለራሱ፣ ወይም የኔ ነገር ለሰው ጆሮ የማይሆን መስሎት ይሁን፣ አልነገረኝም። ቤት ስመለስ ወንድሜ ደጃፉ ላይ ፀሐይ ይሞቃል። ሳሙናውን ከየት እንዳመጣሁት ሳይጠይቀኝ ከእጄ ወሰደው። ወንዝ ወርዶ የእስር ቤት ልብሱን አጠበ፣ ድንጋይ ላይ አሰጣ፣ ሳይደርቅ ለበሰው። ስንቅ ቋጠርኩለት፤ ግማሹን መለሰልኝ። ነገ ምሽጉ ዘንድ ስትሄጂ ይህንን እዚያ ላሉት አግቢላቸው፣ አብዛኛዎቹ ጠያቂ የላቸውም አለኝ። እሱ ራሱ አርበኞቹ ወዳሉበት ወደ ግሼ በኩል ሄደ።

ጠዋት አገልግሉን ይዤ በሩ ላይ ቆምኩ። ዘቡ እጁን አወዛወዘ፤ አይቀበልም። በትከሻው ላይ አሻግሬ አየሁ። የድንጋዩ ቤት በር ወለል ብሎ ተከፍቷል፣ ሁለት ወታደሮች ወለሉን ይጠርጋሉ። የሚጠርጉት ጭድ እየቦነነ ይወጣ ነበር። ማንን እንደምጠይቅ፣ ምን ብዬ እንደምጠይቅ አላወቅኩም፤ የአንዳቸውንም ስም እንኳ ወንድሜ አልነገረኝም ነበር።

ወደ ቤቴ መሄድ ይገባኝ ነበር፤ እግሬ ግን መንገዱን ተሻገረ። አገልግሉን ሐኪሙ ደጃፍ አስቀምጬ ገባሁ፣ ባናውን ከሣጥኑ ላይ አነሳሁ። ሁለቱም ተከፍተዋል፤ እንደዚያ ተከፍተው አይቻቸው አላውቅም። ምን እንደማደርግ ስለ ጠፋኝ ጣሳውን አንስቼ ውሃውን እየቀዳሁ ማፍሰስ ጀመርኩ።